የረዘመው ቀሚስ

መጋቢት ፬ ቀን ፲፱፻፺፪ ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በእንጨት ጢስ የታጠነ የወተት ዕቃ በሸተተኝ ቁጥር ያ ቀን ይመለስልኛል፤ ነገሌ ቦረና፣ የልብስ ሰፊዋ ጠባብ ክፍል፣ በቆርቆሮው ሽንቁር የሚወርደው የብርሃን ዘንግ፣ የስፌት መኪናው ድምፅ።

ያኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። እናቴ በመስተዋቱ ፊት ቆማ ልብስ ሰፊዋን ትወቅስ ነበር።

«በልኬ የሰፋሽልኝ ቀሚስ አሁን መሬት ይጠርጋል። ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ያድጋል?»

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ከትከሻ እስከ ጠርዝ ለካችው። «ልኩ ያው ነው፣ እትዬ። ስፌቴም አልተፈታም።»

ጋዋኗን ለማስጠበብ ተራ የምትጠብቅ የክሊኒክ ነርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጣልቃ ገባች። «እማማ፣ ምናልባት ያጠሩት እርስዎ ነዎት። አጥንት ሲሳሳ ጀርባ ይጎብጣል፣ ቁመትም ይቀንሳል። ክሊኒክ መጥተው ይመርመሩ፤ እስከዚያው ግን ወተት ይጠጡ፣ ፀሐይ ይሙቁ፣ በእግርዎ ይሂዱ።»

«በሁዳዴ ወተት? እናንተ የክሊኒክ ሰዎችማ አትጾሙም፤ አጥንታችሁ ብረት ይሆናል።»

ነርሷ ሳቀች። «ጾሙን አልነካሁብዎትም። ሰሊጥና ጎመን አለልዎት። ፀሐይም የፍስክ አይደለችም።»

ለልብስ ሰፊዋ ወተት ያመጣችው አሮጊት የቦረና ሴት በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «የኔም ቀሚስ አፈር ይጠርጋል» አለች፤ «ለዚህ ነው መጥረጊያ የማልገዛው።»

«እርስዎ እንኳ ወተት በእጅዎ ነው» አለቻት ነርሷ።

«እኔ ከጠጣሁ ምን ልሸጥ ነው? እኔ የምጠጣው ሻይ ነው።»

ሁሉም ሳቁ፤ እናቴ ግን አልሳቀችም። ታላቅ እህቷ ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣችም ነበር። እናቴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በጨለማ ደርሳ ከተመለሰች በኋላ ቀኑን በሙሉ ከጥላ የማትወጣ፣ በመንገድም ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ የምትስብ ሴት ነበረች። ማታ የበሩን መቃን ይዛ ደፉን በጥንቃቄ ተሻገረችና «እንደ እሷ ልሆን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ ስለ አጥንት መሳሳት ለሌሎች አስተምራለሁ። ያን ምሽት ግን እጇን ይዤ ወደ አልጋዋ ወሰድኋት።

በማግስቱ ጠዋት ያቺው አሮጊት ወተት ሻጭ፣ በጾም እንደማንገዛ ስለምታውቅ፣ ደጃችንን አልፋ ልትሄድ ስትል እናቴ በሴትዮዋ በኦሮምኛ ሰላምታ ጠራቻት።

«ናጋ።»

«ናጋ፣ አዴ» አለች በአክብሮት። «ጾም አይደለም እንዴ?»

«ወተቱ ለእኔ አይደለም። አንድ ኩባያ ቅጂና እዚሁ ፊቴ ጠጪው።»

«የሚሸጥ ነው እኮ።»

«ገዛሁት። የገዛሁትን ለወደድሁት እሰጣለሁ።»

ሴትዮዋ ግራ እየተጋባች እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣች፤ አፏን በመዳፏ ጠረገችና «የምሸጠው ጥሩ ነው ለካ» አለች። ያን ጊዜ እናቴ ሳቀች፤ ነጠላዋንም ከቅንድቧ ወደ ትከሻዋ መለሰች። የጠዋት ፀሐይ ፊቷ ላይ ስትወድቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ይመስለኛል።

እዚያው በር ላይ ተስማሙ። እስከ ፋሲካ እናቴ የምትገዛውን ኩባያ ወተት ሻጯ ራሷ ትጠጣለች፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለቱም ይጠጣሉ። ሰሊጡን እኔ አዘጋጃለሁ። ክሊኒክ አብረው ይሄዳሉ። በየማለዳውም እስከ ወተት ተራ ድረስ በፀሐይ ጎን ለጎን ይራመዳሉ፤ አንዷ ብትሰናከል ሌላዋ ክንዷን ትይዛለች።