ስም የሌለው ሰው ለቅሶ

ቦሌ ድሮ ባዶ ሜዳ ነበር ይላሉ። አልነበረም። ይህን ወሬ የፈጠሩት ቦታውን ለመሸጥ የቸኮሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚደግሙት ደግሞ የገዙት። ሜዳው ላይ ጤፍ ነበረ፣ ሽምብራ ነበረ፣ ሽምብራውም ጠባቂ ነበረው፣ ጠባቂው ደግሞ ክፉ ውሻ። ከሁሉም በላይ ከለሚ ሰፈር መለስ ብሎ ባለው ኮረብታ አናት ላይ ከሁላችንም ቀድሞ የመጣ አንድ ጎረቤት ነበረን። የሞተ ነው እርግጥ፤ ጎረቤትነቱን ግን ማንም አልካደውም።

ልጅ እያለሁ እዚያ ኮረብታ ላይ ጎጆ ቤት የሚያህል የድንጋይ ክምር ነበር። ዙሪያውን ትላልቅ ድንጋዮች ከበውታል፣ ከላይ ትናንሾቹ ተቆልለውበታል፣ በክረምት ሣር ያበቅላል። ማን እንደተቀበረበት የሚያውቅ አልነበረም። በኋላ ካነበብኩት ተነስቼ ስገምት፣ ታቦትም መስጊድም ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት የኖረ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ያን ጊዜ የምናውቀው አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ በዚያ የሚያልፍ ሰው ድንጋይ ይጨምርለታል እንጂ አይወስድበትም። እኛም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ጠጠር እየመረጥን እንወረውርለት ነበር። ከሰዓት በኋላ አናቱ ላይ ተቀምጠን አውሮፕላን ሲያርፍ እናያለን። ጎማውን ከሆዱ ሲያወጣ ቀድሞ ያየ ልጅ፣ አውሮፕላኑ የእሱ ነው። በዚህ መንገድ ካፈራኋቸው አውሮፕላኖች አንዱም እስካሁን አልደረሰኝም።

ከዚያ ግንባታው መጣ። ሰፈሩ እርጥብ ሲሚንቶ መሽተት ጀመረ። ትናንት ጤፍ የታጨደበት ላይ ዛሬ መሠረት ይቆፈራል። መሠረት ደግሞ ድንጋይ ይፈልጋል፤ ድንጋዩ ኮረብታው ላይ፣ ማንም ሳይፈልጠው፣ ተከምሮ ተቀምጧል። አንድ ቀን የአንድ ሥራ ተቋራጭ ፎርማን መጣና ክምሩን ዞሮ ካየው በኋላ፣ "ነገ ጠዋት መኪና ይመጣል" አለ።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመቹ ነበሩ፤ እዚያው ኮረብታ ሥር ተወልደው እዚያው የሸበቱ ገበሬ። "ይሄ እኮ መቃብር ነው" አሉት።

ፎርማኑ ሳቀ። "መቃብር ከሆነ ሐዘንተኛው የታለ፣ አባቴ? የሚያለቅስለት አንድ ሰው አሳዩኝና እተወዋለሁ።"

አመሻሹ ላይ እድሩ ተሰበሰበ፤ እኛ ልጆች አጥሩ ላይ ተሰቅለን እንሰማለን። ኦቦ ገመቹ ድንኳን ይተከል፣ ለቅሶ እንቀመጥ ሲሉ ከወሎ መጥተው ሱቅ የከፈቱት እትዬ ባዩሽ ደነገጡ። ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላቸው አልነበረም።

"ኧረ ኦቦ ገመቹ! በሐሰት ይለቀሳል እንዴ? ኃጢአት ነው!"

"የምን ሐሰት? ሰውዬው ሞቷል አልሞተም?"

"ሞቷል።"

"ተለቅሶለታል?"

"እኔ በምን አውቄ!"

"እኔም አላየሁም። እንግዲህ ለቅሶው ዘገየ እንጂ ሐሰት አይደለም።"

ከኋላ አንዱ "አባላችን አይደለም እኮ!" አለ። ኦቦ ገመቹ ዞር እንኳ ሳይሉ፣ "ከሁላችን በፊት የመጣው እሱ ነው። አባልነት ከተነሳ እኛ ነን የእሱ አባላት" ብለው መለሱለት።

ጎሕ ሲቀድ ጥሩምባ ነፊው ወጣ። ጥሩምባ ሲነፋ የሟች ስም ይጠራል፤ የእኛ ሟች ስም የለውም። ሰውዬው ግራ ቢገባው፣ "ኮረብታው ላይ ለቅሶ አለ፣ ድረሱ!" እያለ ዞረ። የሟቹን ስም ያልሰሙት የወንዝ ማዶ ሰዎች ምን እንዳሰቡ ያወቅነው በኋላ ነው።

ድንኳኑ ክምሩ አጠገብ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ፣ ንፍሮ ቀረበ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ። እንባ ግን የለም። እትዬ ባዩሽ "ጀግናው!" ብለው ጀመሩና ቆሙ፤ ጀግና ይሁን ፈሪ ማን ያውቃል? "ደጉ!" ብለው ሞከሩ። አንዲት ሴት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ተዛመተ። ልክ በዚያች ሰዓት ከታች የገልባጭ መኪና ሞተር ተሰማ። አለቀልን፣ አልኩ በልቤ። የሚስቁ ሐዘንተኞች ይዘን ማንን እናሳምናለን?

ያን ጊዜ ነው ከወንዝ ማዶ ጩኸት የመጣው። የኦቦ ገመቹ ታናሽ እህት አዴ ጫልቱ ናቸው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው ወንድማቸው ደጅ ከደረሱ ቆይቷል። ኮረብታው ላይ ለቅሶ አለ ሲባል የሞተው ወንድሜ ነው ብለው ደረታቸውን እየደቁ፣ "ወንድሜን! ሳንታረቅ!" እያሉ ዳገቱን ወጡ። ወንድማቸው የንፍሮ ሰሃን ይዘው ድንኳኑ በር ላይ ቆመዋል።

"አልሞትክም?"

"እስካሁን አልሞትኩም።"

"እና ማንን ነው ሳለቅስ የመጣሁት? እንባዬን መልስ፣ አንተ ክፉ!"

በጡጫ የወንድማቸውን ትከሻ መቱ፤ ከዚያ አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው ከቅድሙ የባሰ አለቀሱ። ኦቦ ገመቹም ሰሃኑን ጥለው አለቀሱ። እነሱን ያየ ሁሉ የየራሱን ሟች አስታወሰ። የእትዬ ባዩሽ ሙሾ ተፈታ፤ ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ።

ገልባጩ ዳገቱ መሃል ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የቀን ሠራተኞቹን አስከትሎ ገባ። "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ንፍሮ ተሰጠው። ትንሽ ቆይቶ ወደ እትዬ ባዩሽ ጎንበስ አለና፣ "ሟች ማን ናቸው?" ሲል ጠየቀ።

"የሰፈሩ ታላቅ።"

"ዕድሜያቸው እንዴት ነበር?"

"ኧረ ጠግበዋል ልጄ፣ ጠግበዋል!"

"ቀብሩስ?"

"አልቋል" አሉና በአገጫቸው ክምሩን አሳዩት።

ሾፌሩ ክምሩን አየ፣ ባዶ መኪናውን አየ፣ ንፍሮውን ጨረሰ። "ከለቅሶ ቤት ድንጋይ አልጭንም" ብሎ ወጣ። ፎርማኑም በማግስቱ መጥቶ ተቀመጠ። የጠየቀው አንድ አልቃሽ ነበር፤ ያገኘው ሰፈሩን በሙሉ ነው። ቃሉን ጠበቀ።

ድሮ ይሻል ነበር አልልም፤ ያኔ ውሃ ከሩቅ በጀሪካን ነበር የምንቀዳው። ኮረብታውን የከበቡት ፎቆችም አያናድዱኝም፤ በረንዳቸው ላይ ልብስ ይሰጣል፣ ደረጃቸው ላይ ልጅ ይጮኻል፣ ሰው ይኖርባቸዋል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ያኔ ለማናውቀው ሰው አልቅሰን ክምሩን ከገልባጭ አተረፍን። ዛሬ ግን ነዋሪው ራሱ አንድ በአንድ እየለቀመ እየጨረሰው ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቁልቁለቱን ስወርድ በየቆመው መኪና ጎማ ሥር የተሸጎጡትን ድንጋዮች አየኋቸው። አውቃቸዋለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚያ መኪኖች አንዱ የአንተ ከሆነ፣ የእጅ ፍሬንህን አሠራና ድንጋዩን መልስ።