ሐውልቱ ላይ የለጠፉት የሠርግ ፎቶ

የባሌ መርዶ የደረሰኝ ቡታጅራ ገበያ ቆጮ ስመርጥ ነው። ጎረቤቴ መጥታ ዘንቢሌን ስትቀበለኝ ገባኝ። አረቅጥ አጠገብ፣ በተወለደበት አገር ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ከዚያ ወዲህ መቃብሩን ለማየት አቅም አጣሁ።

በቅርቡ የአረቅጥን የድሮ ቤቶችና ያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያስጎበኝ ጉዞ ሲዘጋጅ፣ ከማያውቁኝ ሰዎች ጋር ይቀለኛል ብዬ ተሳፈርኩ። አስጎብኚው በየጎጆው ስለ ምሰሶው ሲያስረዳ እኔ የማስበው መቃብሩን ብቻ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ስንደርስ ሰዎቹ አንድ አዲስ ሐውልት ከበው ቆሙ። የባሌ ነው፤ ወንድሞቹ ያሠሩለት። ሌላ ፎቶ አጥተው ይሁን እንጃ፣ የሠርጋችንን ለጥፈውበታል። እሱ በከረባት፣ እኔ በቬሎ እየሳቅኩ።

"ምን አግኝቷቸው ነው ሁለቱንም?" አለች አንዷ።

"መኪና ይሆናላ" አለ አስጎብኚው።

እንባዬ መጣ። አጠገቤ የቆሙ እናት እጄን ያዙኝ።

"አይዞሽ ልጄ፣ ዘመድሽ ነው?"

"ባሌ ነው።"

ሐውልቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ታዲያ ይቺ አብራው የሞተችው ማን ናት?"

ከሰውነት ወጥቻለሁ፣ ጥቁር ለብሻለሁ፤ አልፈረድኩባቸውም።

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እናንተ ግን ነፍስ ይማር ስትሉ ለእሱ በሉልኝ።