«ሕይወት የለውም» የሚል ወረቀት

ኮምፒውተር ሕይወት እንደሌለው የሚመሰክር፣ ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነበረኝ። ብዙ ዓመት ሙዳይ ውስጥ አስቀምጬው ኖሬ አንድ ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ቀለሙን አጠበው። የልጅ ልጆቼ በእጃቸው የያዙትን ነገር እያናገሩ «እማማ፣ ይሄ ነፍስ ያለው አይመስልሽም?» ብለው ሲቀልዱብኝ ያ ወረቀት ትዝ ይለኛል። በኔ ጊዜ ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

በንጉሡ ዘመን ነው፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ቤታችን ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ ባሕር ዛፉ መሃል ነው። አፈሩን ከገደሉ ሥር ቆፍረን እናመጣለን፣ እሷ ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እንስራውንና ድስቱን ተሸክመን ገበያ እንወርዳለን። እናቴ የተተኮሰ ድስት በጣቷ ኳ ኳ ታደርግና ድምፁን ሰምታ «ይሄ ታሟል» ብላ ወደ ጎን ታስቀምጠው ነበር። ሸክላም ይታመማል እንግዲህ።

ሰው ድስታችንን ወዶ ይገዛል፣ ወጡን ይሠራበታል። እኛ ቀና ብለን ልጁን ካየንበት ግን በነጠላው ይሸፍነዋል። ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይባል ነበራ። ስለዚህ ገና በልጅነቴ የተማርኩት ዓይን መስበር ነው። ሰው ሲመጣ መሬት መሬት አያለሁ። የሰፈሩን ሰው ከፊቱ ይልቅ በጫማው ነበር የማውቀው፤ ጫማ የሌለውን ደግሞ በተረከዙ።

ከእናቴ እንስራ የምትገዛ አንዲት ደግ ሴት፣ የካ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ጽዳት አስገባችኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አልተናገረችም፤ እኔም አልተናገርኩ። ኮምፒውተር የሚባለውን ያየሁት እዚያ ነው። ሁለት ቁም ሳጥን ጎን ለጎን የቆመ ያህላል። ለብቻው ክፍል ተሰጥቶታል። እኛ በሐምሌ ብርድ ስንንቀጠቀጥ እሱን እንዳይሞቀው ቀኑን ሙሉ አየር ይነፋለታል። ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ካርዶች ይጎርሳል፣ ያጉረመርማል፣ መብራቶቹን ያርገበግባል፣ ከዚያ ወረቀት ይተፋል።

ካርዶቹን የምትበሳው አንዲት ቀጭን ሴት ነበረች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። በሩ ላይ የሚቀመጡት ዘበኛ ደግሞ የካራ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ ከዘብ ሲወጡ እርሻቸው የሚሄዱ ሽማግሌ። ጠዋት ክፍሉን ሲከፍቱ ኮፍያቸውን ያነሡና ማሽኑን «እንዴት አደርክ!» ይሉታል።

«አባባ፣ ብረት እንዴት አደርክ ይባላል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይበላል፣ ይሞቀዋል፣ ያጉረመርማል። ምን ቀረው?»

«አይወልድማ።»

«በቅሎስ ትወልዳለች?»

ረቱኝ። በማግሥቱ መንገድ ለመንገድ ሳስብ መጥቼ፣ «ሕይወት ካለው ታዲያ እሁድ ለምን ያሠሩታል? እርስዎ በሬዎን እሁድ ይጠምዳሉ?» አልኳቸው። ራሳቸውን አከኩ። «እሱስ እውነትሽን ነው፤ ጾምም ሲጾም አላየሁት» አሉ። እንዲህ እየተጫወትን እንውል ነበር።

አንድ ጠዋት አቧራውን ስጠርግለት መብራቶቹ ሁሉ ባንዴ ቦግ አሉ። ዓይኔን መስበር ረሳሁ። ቀና ብዬ አየሁትና «እንዴት ያምራል!» አልኩ። ማርያም ትጠብቀው አላልኩ፣ እንትፍ አላልኩ፤ በሰው ልጅ ላይ ቢሆን እንዲህ አድርጌ አላውቅም። እትዬ ካርዷን እየበሳች ነበር። ሰማች።

ከምሳ በኋላ ማሽኑ ቀጥ አለ። ካርድ ቢያጎርሱት አይውጥ፣ ቁልፉን ቢጫኑት አያጉረመርም።

እትዬ ለካ ገበያ ላይ ከእናቴ ኋላ እንስራ ተሸክሜ አይታኝ ኖሯል። እስከዚያ ቀን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። በማግሥቱ ግን ተናገረች። «የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት። አየችው፣ በላችው፣ ይኸው።»

ከዚያ ወዲያ ሳልፍ ሰው የሻይ ብርጭቆውን በእጁ ይከድን ጀመር። ሥራውን ባጣ ወደ ሸክላው መመለስ ነው፤ እሱ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ስሙ ነው። መሥሪያ ቤት የወጣ ስም ገበያ ይደርሳል። የእናቴን ድስት ከዚያ በኋላ ማን ይገዛል? ሰፈር ውስጥ አንድ ሕፃን ቢያተኩሰው ቤታችን ደጃፍ ነው የሚመጡት።

በሦስተኛው ቀን እትዬ መቀስ ይዛ መጣች። ዘበኛው ከኋላዋ ፍም በገል ይዘዋል። ገሉ የድስት ስባሪ ነው፤ የማን እጅ ሠርቶት ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ በዚያ ሰዓት።

«ከቀሚስሽ ጫፍ ትንሽ ስጪን፤ እናጭስለትና ይለቀዋል» አለች እትዬ። «ካልፈለግሽ እንትፍ በይበት። ለአለቃ አንናገርም።»

«ምን ይጎዳሻል፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው። እሳቸው ነበሩ ያን ቀን መሬት የሚያዩት።

ቆሜ አሰብኩት። እንትፍ ብዬበት ቢነሣ፣ በቃ ቡዳ ነኝ፣ ምስክሩ ራሱ ማሽኑ ነው። እንትፍ ብዬበት ባይነሣ፣ አጥብቄ የበላሁት ነኝ። እምቢ ብልም ያው ነው። ቀሚሴን ሰብስቤ ወደ አለቃው ቢሮ ሄድኩ። እነሱም ከነመቀሱ ከነፍሙ ተከተሉኝ።

አለቃው ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። «ጌታዬ፣ ያ ማሽን ሕይወት አለው ወይ?» አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። ስነግራቸው ሳቁ። ከዚያ ፍሙን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። «እሳት! ማሽን ክፍል እሳት ልታስገቡ?» አሉና ወደኔ ዞሩ፤ «ብረትና ሽቦ ነው፤ ምን ዓይን ይበላዋል?»

«እንግዲያው ይጻፉልኝ።»

«ምኑን?»

«ሕይወት የለውም ብለው፣ በማህተም። ዓይን የሚበላው ሕይወት ያለውን ነው። ሕይወት ከሌለው እኔ የበላሁት ነገር የለም።»

«ይህማ የታወቀ ነው።»

«እርስዎ ዘንድ ነው የታወቀው፣ ጌታዬ።»

ብዕራቸውን አነሡ። «ትናንት በስልክ ማሽኑ ታሟል ያልኩት እኔው ነኝ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ ጻፉ። ማህተሙን እህ ብለው ተንፍሰውበት መቱት። እኔ ያኔ ፊደል አልለይም። ዘበኛው ልጅ ሳሉ ቄስ ዘንድ ቆጥረው ስለነበር ፍሙን አስቀምጠው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን። «ለሚመለከተው ሁሉ። በዚህ መሥሪያ ቤት የሚገኘው ኮምፒውተር ሕይወት የሌለው መሆኑን እናረጋግጣለን።»

እትዬ እጆቿን አጣጥፋ ሰምታ ጨረሰችና፣ «ሕይወት የሌለውማ ስለበላችው ነው!» አለች።

ማህተሙ ሳይደርቅ የተረታሁ መሰለኝ። ዘበኛው ወረቀቱን እንደያዙ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄዱ፤ በሩን ከፈት አድርገው አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ፤ አሸተቱ፤ ተመለሱ።

«ሦስት ቀኑ ነው» አሉ። «የሞተ ቢሆን እስከ ዛሬ ባልተቀመጥንም ነበር። በሬ ሞቶብኝ አውቃለሁ፤ ሦስት ቀን ምን እንደሚሸት ልንገራችሁ?»

«ኧረ ይተዉን!» አለች እትዬ አፍንጫዋን ይዛ።

«ያልሸተተ አልሞተም። ያልሞተም፣ ይኸው ወረቀቱ እንደሚለው፣ አልኖረም።» ፍሙን አንሥተው ግቢ ውስጥ ደፉት፣ ገሉንም በእግራቸው ገፉት። ነገሩ በዚህ ተፈጸመ።

በአራተኛው ቀን አንድ ፈረንጅ መካኒክ መጣ። የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ሚስማር የምታህል ነገር ለወጠለት፤ እሱም አጉረመረመ። ምን ሆኖ እንደነበር የነገረን የለም። እትዬ እስክትዛወር ድረስ ሻይዋን ከመክደን አልተመለሰችም። ዘበኛው ግን በማግሥቱ ጠዋት ኮፍያቸውን ሳያነሡለት በማሽኑ ፊት አለፉና ግማሽ የጠጡትን ሻይ ለኔ አቀበሉኝ። ፉት ብዬ መለስኩላቸው። የብርጭቆውን አፍ ሳይጠርጉ ጨረሱት።

ወረቀቱን ለእናቴ ወሰድኩላት። እንደ ድስት በጣቷ ኳ አደረገችው፤ ድምፅ የለውም። «ስለ ብረቱ ጽፈውልሻል» አለች። «ስላንቺስ ምን ይላል?»

«ስለኔ የሚለው የለም።»

«ይሁን» ብላ ወደ ጭቃዋ ተመለሰች።

እዚያ መሥሪያ ቤት ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሰው ሲያልፍ እንደ ድሮዬ ጫማ ጫማውን አያለሁ። ማሽኑን ስጠርግ ግን ቀና ብዬ፣ መብራት በመብራት፣ እስኪበቃኝ አየው ነበር። እሱን የማየት ፈቃድ ነበረኝ።