የእናቴ የዓርብ ደመወዝ

ልጅ ሳለሁ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የሱዳን ሰፈራችን ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምጠላው የባዶ ጀሪካን ድምፅ ነበር። ሰሞኑን አንዲት የጎረቤት ልጅ ቢጫ ጀሪካኗን በጠጠሩ ላይ እየጎተተች በደጃችን ስታልፍ ያው ድምፅ ከአልጋዬ አስነሳኝ። ወዲያው የዚያን ጊዜ ሽታ መጣብኝ፤ ውሃ የነካው አቧራ፣ ጥግ ላይ ዘይት ውስጥ የሚንጫጫው ጣዕሚያ የሚሉት የሽምብራ ጥብስ፣ የአህያ ጋሪ። የእኔ ዘመን የሐጅ ዩሱፍ ልጆች ይህን ብቻ ብነግራቸው ሌላ ማብራሪያ አይጠይቁኝም።

ለማያውቀኝ ግን ልናገር። አባቴ ዑስማን ሱዳናዊ ነው፤ ረክሻ፣ ያችን ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ ይነዳ ነበር። እናቴ ፋጤ ወሎዬ ናት። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ እያጠበች፣ እየተኮሰች፣ ወለል እየወለወለች በቀን ሒሳብ፣ እኛ ዮሚያ በምንለው፣ ትሠራ ነበር። እኔ አማርኛን የተማርኩት ከእሷ ቁጣ ነው። ለዚህ ይሆናል እስከ ዛሬ ስናደድ አማርኛዬ ይጠራል፣ ስረጋጋ ይኮላተፋል።

ለሰፈሩ በሙሉ የነበረችው አንዲት ቦኖ ነበረች፤ እሷም ፓምፗ ባሰኛት ቀን ትሠራለች፣ ባላሰኛት ቀን ትተኛለች። እኛ ልጆች ጀሪካኖቻችንን ደርድረን አፈሩ ላይ ሳጥን ሥለን በአንድ እግር እንዘላለን። እናቴ ሰኞ ማክሰኞ ነው የምትለው። እሷ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወረፋው ዘንድ ትመጣና ማን ከማን በፊት እንደመጣ በዓይኗ ትለያለች። ጎረምሶቹ እንኳ «ኡም አሚራ መጣች» ብለው ወደ ኋላቸው ይመለሱ ነበር። አሚራ እኔ ነኝ፤ ሰፈርተኛው የእናቴን ስም «የአሚራ እናት» ብሎ ለውጦት ቀርቷል።

የአካባቢው መስተዳድር፣ መሐሊያው፣ እያንዳንዱ ሰፈር ውሃውን፣ ቆሻሻውንና የመንገድ መብራቱን የሚከታተል ኮሚቴ፣ ለጅና፣ ይምረጥ አለ። ዓርብ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ወንዶቹ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከኒሟ ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ። የእናቴ ስም ሲጠራ ሰሌኑ በሙሉ እጅ አወጣ። ከወንዶቹ መሐል ብቸኛዋ ሴት ሆና ተመረጠች። አባቴ ያን ዕለት ረክሻውን ሙሽራ እንደጫነ ሰው ጡሩንባ እየነፋ ሰፈሩን ሲዞር አመሸ፤ ለወትሮው ነዳጅ የለኝም እያለ የሚማረር ሰው ነው።

ደስታችን ግን ብዙ አልቆየም። የለጅና ሥራ በቀን ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ደጅ የሚጠናው ጠዋት፣ የዐማራቱ ወለል የሚወለወለውም ጠዋት። እናቴ ለቦኖዋ ስትሮጥ የዋለች ቀን ዮሚያዋ የለም። ቦኖዋ ቀስ በቀስ ውሃ መትፋት ጀመረች፣ የኛ ቤት የስኳር ጣሳ ግን ባዶ ሆነ፤ የትምህርት ቤት ጫማዬም አፉን ከፈተ። የዐማራቷ እመቤት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ቢሆንም ወይ አዘውትረሽ ነይ፣ ወይ ሌላ ልፈልግ አለቻት። አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት እየላጠች የለጅናውን ወንበር ልመልስላቸው ነው አለች። ነገር ሁሉ ጨዋታ የሆነለት አባቴ ቢላዋውን ከእጇ ተቀብሎ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረ። እኔም ያኔ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

ሴቶቹ ወሬውን ሲሰሙ አይሆንም አሉ፤ ውሃ ካየን በኋላ ወዴት ትሄጃለሽ ብለው ስብሰባ አስጠሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ለለጅና አባል ይከፈለው ወይስ አይከፈለው። የለጅናው ሰብሳቢ ሐጅ በሽር ነበሩ። ትልቁ ሱቅ የሳቸው ነው፤ ግማሹ ሰፈር፣ እኛም ጭምር፣ በዱቤ የምንበላው ከሳቸው ነው። ሰፈሩን ለዓመታት በነጻ ያገለገሉ፣ እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰው ናቸው። ጎረቤትን ማገልገል ለአላህ ነው፣ ዋጋ ካወጣንለት ገበያ ይሆናል አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እውነቱን ልናገርና እኔም ነቀነቅኩ፤ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበራ። ከኋላ አንድ ሰው «ሐበሻይቱ ገንዘብ ፈልጋ ነው» ሲል ሰማሁ። እናቴም ሰምታለች። የሰማች መሆኗን ያወቅኩት እንደ ነጠላ የምትከናነበውን የቶቧን ጫፍ ፈትታ ራሷ ላይ እንደገና ስትጠመጥመው ነው፤ ጠብ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች።

ተነሣች። ዐረብኛዋ እስከ ዛሬ ወንድና ሴቱ ይምታታበታል፤ የተከበሩትን ሐጅ እንደ ሴት እየጠራች ነው የተከራከረቻቸው። ሰው መሳቅ ፈልጎ ፈራት።

«ሐጅ፣ እርስዎ ለሰፈሩ ሲወጡ ሱቁን ልጅዎ ይከፍተዋል። እኔ ስወጣ ግን የኔን ሰሃን የሚያጥብልኝ የለም» አለች። «በነጻ ከሆነ ባለሱቅ ብቻ ምረጡ። እኛ ከሰሌኑ ላይ ሆነን እጅ እናውጣ፤ ለመመረጥ ግን አንነሣ።»

ወንበር ላይ ከተቀመጡት ወንዶች አንዱ መላ አገኘሁ አለ፤ ለእያንዳንዱ የቀረበትን ያህል እንካስ፣ ለባለሱቅ የሱቁን፣ ለሠራተኛ የሠራተኛውን። መላው ጥሩ ይመስላል፣ ግን እናቴን ከሁሉ በታች የሚያስቀምጣት እሱ ነው። ይኼኔ አባቴ ከበሩ በኩል፣ «የኔ ረክሻ ላይ ሐጅ ቢሳፈሩ፣ የቤት ሠራተኛ ብትሳፈር፣ እስከ ሱቅ ዋጋው አንድ ነው፤ የምሄደው መንገድ አንድ ነዋ» አለ። ሰሌኑ ሳቀ፣ ወንበሩም ሳቀ፣ መላውም እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ ተስማሙ። የለጅና አባል ለሠራበት ቀን የሰፈሩ የቀን ሠራተኛ የሚያገኘውን ያህል፣ ለሁሉም እኩል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በየወሩ ከሚያዋጣው የአገልግሎት ገንዘብ እንዲከፈለው። የቀን ሠራተኛው ዋጋ ሲጨምር የነሱም ይጨምራል፣ ሲቀንስም አብሮ ይቀንሳል። እናቴ አንድ ነገር ጨመረች። ክፍያው ዓርብ፣ ከኒሟ ሥር፣ በሰው ፊት ይሁን፤ ተቀባዩም መጀመሪያ የሠራውን ይናገር፣ ከዚያ ይውሰድ። ማንም በር ዘግቶ እንዳይከፋፈል ነው ያለችው።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ቤታችን ያን ገንዘብ እንዴት እንደሚጠብቅ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጫማዬን በሲባጎ አስሬ ነው የመጣሁት። ሐጅ በሽር ቀድመው ስለ ቆሻሻው መኪና ተናገሩ። ገንዘብ ያዡ ሲዘረጋላቸው ግን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «የኔ ለአላህ ነው፣ ለቸገረው ስጡት» አሉ። ግቢው በአድናቆት አጉረመረመ። ቀጥሎ ባለተራዋ እናቴ ናት።

እናቴ ስለ ፓምፗ ተናገረች፤ የቱን ዕቃ እንዳስቀየረች፣ የቱ እንደቀረ። ገንዘቡ ሲዘረጋላት እጇን አላነሣችም።

«ሐጅ ካልወሰዱ እኔም አልወስድም። እርስዎ ሲተዉት የተከበሩ ይሆናሉ፤ እኔ ስወስድ የሰፈሩ ገረድ እሆናለሁ። የመረጠን እጅ ግን አንድ ነው። ይውሰዱና ከዚያ ለፈለጉት ይስጡ።»

አባቴ በጥርሱ መሐል «ውሰጂ እንጂ አንቺ ሴትዮ» ሲል ይሰማኛል። እኔም በልቤ እለምናታለሁ። ከዐማራት የቀረችባቸው ቀኖች ሁሉ እዚያ የተዘረጋው እጅ ላይ ነበሩ። የሐጅ በሽር ሱቅ ውስጥ ያለው ዱቤያችንም እንደዚያው፤ እሳቸው ቢቀየሟት በነጋታው ዳቦ የምንጠይቀው ማንን ነበር? እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ሐጅ እጃቸውን ከወገባቸው ፈቱት። «ኡም አሚራ እውነቷን ነው፤ እኔ ይህን አላሰብኩትም» አሉና ገንዘቡን ተቀብለው፣ ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርገው፣ ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። እናቴም ቀኝ እጇን ዘረጋች። ተቀብላም ሌላ ሰው እስኪጀምርላት አልጠበቀችም፤ ራሷ ለራሷ ረጅሙን የወሎ እልልታ ለቀቀችው። ሰሌኑ ተቀበላት። አባቴ ወደ ረክሻው ሮጦ ጡሩንባውን ነፋው። እኔ ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ፣ አለቀስኩም ማለት አያሳፍረኝም።

የሐጅ ገንዘብ መስጊዱ በር ላይ ሁለት ዚር፣ ትልልቅ የሸክላ የውሃ እንስራ፣ ሆነ፤ የእናቴ ደግሞ ጥቁር ጫማ። የዐማራቷም እመቤት የለጅና ቀኖቿን ትታላት በሌሎቹ ቀኖች ብቻ እንድትመጣ ተስማማች። ከዚያ ወዲያ በተመረጡት ለጅናዎች ውስጥ ሻይ ሻጭም ገባች፣ ግንበኛም ገባ።

ዛሬ ብዙ ነገር እንደዚያ አይደለም። ጦርነቱ በትኖን ከርሞ የተመለስነው ተመልሰናል፣ ያልተመለሰውም ብዙ ነው። ሐጅ በሽር የሉም፣ አላህ ይርሐማቸው። ኒሟን ለማገዶ ቆርጠዋት ከጉቶዋ እንደገና አቆጥቁጣለች፤ ጥላዋ ለጊዜው ለሁለት ሰው አይበቃም። ልጆቹም ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አላይም። ዓርብ ከዐስር በኋላ ግን ያው ግቢ ውስጥ እንሰበሰባለን፤ መጀመሪያ መናገር፣ ከዚያ መውሰድ፣ እሱ አልተለወጠም። ዘንድሮ ከተመረጡት አንዷ እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓርብ ተራዬ ደረሰና ስለ መብራቱ ምሰሶዎች በሚገባ ተናገርኩ፤ በራሴ ኮርቼ እጄን ዘረጋሁ። ከሰሌኑ ላይ አንድ ከዘራ ከፍ አለ። እናቴ ናት። ጉልበቷ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን አሁንም የቧንቧ ጠብታ ከሩቅ ይሰማል።

«የትምህርት ቤቱ ቧንቧ ሳምንቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ሰንብቷል፤ እሱን ሳትነግሪን ነው የምትወስጂው?»

ሰው ሳቀ። እጄን ሰበሰብኩና ስለ ቧንቧውም ተናገርኩ፤ ማን ጋ እንደሄድኩ፣ ምን እንዳሉኝ፣ መቼ እንደሚሠራ። እሷ ከዘራዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ቤት ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብላኝ አታውቅም። ስጨርስ ወደ ገንዘብ ያዡ ዞረች።

«በል አሁን ስጣት» አለችው፣ «ሠርታለች።»