የጥምቀተ ባሕሩ ጠባቂ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ ጨዋነቱን ያነሣልኛል። እኔ ደግሞ እንዳይረሳ ይህችን እጽፋለሁ።

አንድ ዓመት ለጥምቀት የሰፈሩ ሽማግሌዎች መርጠውት፣ ሰው እንዳይሰጥም ገመድ ይዞ በቀሃ ወንዝ አጠገብ ካለው ጥምቀተ ባሕር ዳር ቆመ። እኔም አጠገቡ ነበርሁ። ውሃው ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ ሲዘል፣ አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ከዳሩ ጠልቆ ቆየ። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በክንዱ ጎትቶ አወጣው። ሰውየው ተቆጣ።

«አያ፣ ምነው ስለቴን አበላሹብኝ? በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ልጠልቅ ተስዬ ገና ሁለተኛዬ ነበር። እንግዲህ ከአንድ ልጀምር ነው!»

«ጀምር፤ ግን ታስረህ ነው» አለው ባለቤቴ። ገመዱን በሰውየው ወገብ አሰረ፤ ሌላውን ጫፍ ከእጁ እንዳያመልጥ በራሱ ወገብ ቋጠረው።

ሁለቱን ጊዜ በሰላም ጠልቆ ወጣ። በሦስተኛው ሰውየው ተንደርድሮ ዘለለ፤ ባለቤቴም ከነጋቢው ተከተለው። ወደ ታች ሲሄድ አይቼ ጮህሁ። በገመዱ ስቦ ያወጣው ያው ገበሬ ነው።

«አያ፣ ዋና ሳይችሉ ምነው ጠባቂ ሆኑ?» አለው እየሳቀ።

ባለቤቴ የጠጣውን ውሃ ተፍቶ፣ «ዋና የሚችለው ሁሉ ሊዋኝ ገባ፤ ለመጠበቅ የተረፍሁት እኔ ብቻ ነኝ» አለ።