የሰዓት ሠሪው ካሜራ

ሰዓት ሠሪው ካሜራ ሊገዛ መሆኑ ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ አማካሪ ሆነ። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ከሩቅ አቅርቦ የሚያነሳውን ብራንድ ያዝ አለው፤ ጣሪያ ላይ ያለች ወፍ ዐይኗ ሳይቀር ይታያል ብሎ ማለ። የልጁ ባል ደግሞ በፒክስሉ ብዛት የታወቀውን ካልገዙ ምኑን ገዙት ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱም የሚያወድሱት እቤታቸው ያለውን ነበር።

እሱን የጨነቀው ሌላ ነው። ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወረንጦው ከጣቶቹ እያመለጠ ሲያስቸግረው ሱቁን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የሸሚዙን ቁልፎች በየማለዳው የምትቆልፍለት ሚስቱ ናት። እነዚያን ጣቶቿን ፎቶ ማንሳት ፈለገ። አርባ ዓመት አብሯት ሲኖር አመሰግናለሁ የምትለዋ ቃል ጉሮሮው ላይ እየቀረች ያስቸገረችው ሰው ነው፤ በፎቶ ሊላት አስቦ ነበር። በስልኩ ሞከረ፤ የወጣለት ጭጋግ ነው።

የካሜራ ሻጯ ሦስት ትንንሽ ካሜራዎች ደረደረችለት። ሁለቱ አማካሪዎቹ ያወደሷቸው ሲሆኑ ሦስተኛው እምብዛም ስሙ የማይነሳ ብራንድ ነው። እሷ የየካርቶኑን ጽሑፍ ማንበብ ስትጀምር እሱ የድሮ የእጅ ሰዓት ከኪሱ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። በሦስቱም ተራ በተራ ያለ ፍላሽ አነሳው። ከዚያ የሥራ ማጉያውን ዐይኑ ላይ ሰክቶ፣ በየስክሪኑ ላይ የደቂቃ ጭረቶችን መቁጠር ያዘ።

ከሩቅ የሚያቀርበው ጭረቶቹን አደበላልቋቸዋል። ፒክስለ ብዙው ጭጋጉን ራሱን አጥርቶ አሳየው። ሦስተኛው ላይ ስድሳውም ቁጭ ብለዋል። ስላላመነ ደግሞ ቆጠራቸው።

ሻጯ ይሄኛው የእጅን መንቀጥቀጥ ከውስጥ ሆኖ እንደሚያስተካክል አስረዳችው። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አባባ፣ እጅዎን አይቼ ነው ያመጣሁት። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው ቀድሜ ያልነገርኩዎት» አለችው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አለ። ያቺ የምስጋና ቃል ለማያውቃት ሴት እንዲህ ቀልላ መውጣቷ ለራሱም ገረመው፤ ትንሽም አፈረ።

በማግስቱ ማለዳ ሚስቱ ሸሚዙን እየቆለፈችለት ሳለ ካሜራውን አገጩ ሥር ይዞ ቁልቁል አነጣጠረ። አርፈህ ቁም ብላ ተቆጣችው። ሳይሰማት አነሳ። ጣቶቿ፣ አውራ ጣቷ ላይ ያለችው የቢላ ጠባሳ፣ የቁልፉ ክር ሳይቀር ጥርት ብለው ወጡ።

መነጽሯን አድርጋ አየችው። «እጄ ምን ያደርግልሃል? ፊቴ ምን በደለህ?»

«ፊትሽን ነገ አነሳዋለሁ» አለ። ጉሮሮውን ጠራረገ። «እነዚህን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ሳላመሰግናቸው ቆየሁ።»

የመጨረሻዋን ቁልፍ ቆለፈች፤ ፈታቻትና እንደገና ቆለፈቻት።