ሰው ራሱን የሚሾምበት አገር

ከመሐል ሜዳ አውቶብሱ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ስለሆነ የመንደሩ ሰው የሸኘኝ በዋዜማው ምሽት ነው። ቤቱ ሞላ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ምርቃቱ ወረደ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ምስጋናው መጣ። አንዱ ተነስቶ «የሽፈራው ባና ውርጭ አያልፈውም፤ አባት የለበሰውን ልጅ ይለብሰዋል» አለ። መቼም ሰው ፊቱ ላይ ሲመሰገን ዝም ብሎ አይሰማም። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩና «ተዉ እናንተ፣ እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሸማኔስ የግሼው አስረስ» አልኩ። እንዲህ ካላሉ ነውር ነው። አስረስም እዚያው ግሼ፣ ራቤል ላይ ሲያመሰግኑት «ሸማኔስ የመንዙ ሽፈራው» ይላል አሉ። የምንከባበረው እንዲህ ነው።

ባለቤቴ ደብሪቱ ያን ምሽት ጥጉ ላይ ተቀምጣ ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር ትፈትል ነበር። ከተጋባን ጀምሮ የሌላ ሰው ፈትል እጄ ገብቶ አያውቅም። ልወጣ ስል በር ላይ ያዝ አድርጋኝ፣

«ታስመጣኛለህ አይደል? ልጅ የለን፣ ወንድሞቼ አልፈዋል፣ ከማን ጋር ልቀመጥ ነው?» አለችኝ።

«አስመጣሻለሁ» አልኳት። ቃል ሰጠኋት።

ለምን ወጣህ የምትሉ አትጠፉም። የቻይና ብርድ ልብስ ገበያውን ወሰደው፤ ባና የሚገዛ ጠፋ። በዚያ ላይ ሱዛን የምትባል ፈረንጅ፣ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከሚባል ከተማ፣ የድሮ ሙያ ከሚያሳይ ሙዚየም መጥታ ሥራዬን አየችና እዚያ እየሸመንክ አሳይልን አለችኝ። በጎቹን ሸጬ ተነሳሁ። እኛ አገር ሸማኔ ማለት ስድብ እንደነበረ ሽማግሌ ያውቀዋል። ልጃችንን ለሸማኔ አንሰጥም ያሉኝ ሰዎች ያን ያሉኝ ባናዬን ተከናንበው ነው። እና ሙያዬን የሚያከብር አገር አለ ሲሉኝ፣ ልቤ ሄደ፤ አልዋሽም።

ሊድስ ብርዱ ከመንዝ አይብስም። የእኛ ውርጭ ጠዋት ይቆነጥጥና ረፋድ ላይ ፀሐይ ያስታርቃል። የዚህኛው ቀኑን ሙሉ እንደማያልቅ ለቅሶ ያንጠባጥባል። ጠዋት ጠዋት የአጃ ገንፎ ይበላሉ፤ ገብስ ያጣ ሰው የሚበላውን ማለት ነው፣ ያውም ስኳር ነስንሰውበት። የአሥር ዓመት ልጅ ሽፈራው ብሎ ይጠራኛል፤ ጋሼ የለ፣ አንቱ የለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ፈትሉ። ሙዚየሙ የሚሰጠኝ በመኪና የተፈተለ ነው፤ ለዓይን ያምራል፣ ስወጥረው ይልመጠመጣል። የደብሪቱን ፈትል ጣቴ ይፈልጋል።

የአገራችን ሰው፣ የዓለም ከተማ ልጅ አገኘሁ፣ ግርማ ይባላል፤ ሙዚየሙ በአስተርጓሚነት ቀጥሮታል። ደብሪቱን የማስመጣቱን ነገር ያስረዳኝ እሱ ነው። ሙያ ያለው ሰው ብቻውን መኖር ይችላል፤ ሚስቱን ማስመጣት የሚችለው ግን «ዲስቲንጉዊሽድ» የተባለ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ምንድነው አልኩት። ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። «ፌመስ» ማለት ሁሉ ሰው የሚያውቀው፤ ሌባም ቢሆን ይባላል። «ሰለብሪቲ» ለዘፋኝና ለኳስ ተጫዋች ነው። «ሪናውንድ» ሥራው ስሙን ያስጠራለት። «ኤሚነንት» ለዳኛና ለሐኪም ይሄዳል። ዲስቲንጉዊሽድ ከእኩዮቹ ተለይቶ የወጣ ነው።

«ገባኝ» አልኩት። «ፌመስ ግራዝማች፣ ሪናውንድ ቀኛዝማች፣ ዲስቲንጉዊሽድ ደጃዝማች። ታዲያ ሿሚው ማነው?»

«እርስዎ ራስዎ ነዎት ጋሼ። እኔ እንዲህ ነኝ ብለው ይናገራሉ።»

ሳቅሁ። እየቀለደ መስሎኝ ነበር።

ለደብሪቱ ቪዛ ካመለከትንበት ቢሮ የተጠራሁ ለት ግርማ አብሮኝ ገባ። ሹሙ ጢሙ ገና ያልጠና ጎረምሳ ነው፤ ክፉ አልነበረም። ውሃ ሰጠኝ። በሙያህ የታወቅህ ነህ ወይ አለ።

«እሱን የሚያውቀው ሰው ነው። እኔ ምን ብዬ እናገራለሁ» አልኩ።

ግርማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬ እንኳን አዎ ይበሉ» አለኝ።

«ዝም ብለህ አስተርጉም» አልኩት።

በሙዚየሙ በር ላይ «ሪናውንድ ማስተር ዊቨር» ብለው ስሜን በትልቁ ጽፈዋል፣ እነሱን ጠይቁ አልኩ። ሹሙ ፈገግ ብሎ እሱ ማስታወቂያ ነው አለ። ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቀ፤ በአገርህ ከአንተ የሚበልጥ ሸማኔ አለ ወይ? አፌ ከልቤ ቀደመ።

«አለ እንጂ። የግሼው አስረስ።»

ግርማ ወለል ወለሉን አየ። ሹሙ ጻፈ። ቀና ብሎ ታዲያ እሱ ለምን አልመጣም አለኝ። ጉልበቱን ያመዋል አልኩት፤ እሱንም ጻፈው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አስረስ አይበልጠኝም። ሽመናው ጠርዝ ላይ ይላላበታል። ይህን የምጽፈውም ፊት ለፊቴ ስለሌላችሁ ነው።

መልሱ መጣ። አንተ ቆይ፣ ሚስት አይፈቀድም፤ ራሱ አመልካቹ የሚበልጠኝ አለ ብሏል ይላል። ሱዛን አዘነች፣ ሻይ አፈላችልኝ። በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አውርጂው አልኳት። ጎብኚ ይቀንስብናል አለች። ለጎብኚው ሪናውንድ ነኝ፣ ለሚስቴ ጊዜ ማንም አይደለሁም።

አከራዬ ሚስተር ራሺድ ከፓኪስታን ተራራ የመጣ ሰው ነው፤ በሰባራ እንግሊዝኛና በእጅ ነው የምንግባባው። የሽመና ዕቃዬ ሲንኳኳ ከታች ሆኖ ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመታል፤ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ደግሞ «ሚስተር ፌመስ» ይለኛል። የሆነውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ቤቱን ሳከራይ ምርጥ ቤት ነው ብዬ ነው። ጣሪያው እንደሚያፈስ አንተም ታውቃለህ።»

«ታዲያ አድሰው» አልኩት።

«ምርጥ ቤት ምን ይታደሳል?» ብሎኝ ወረደ።

ግርማ ይግባኝ አስገባልኝ። ሰኞ እቀርባለሁ። የጎዳዎት የራስዎ ቃል ነው፣ የሚያነሳውም የራስዎ ቃል ነው፤ በራስዎ አፍ ከእኔ የሚበልጥ የለም ይበሉ፣ አለቀ፣ ይለኛል። እንግሊዝኛውን አስጠናኝ። እንግሊዝኛውስ ወጣልኝ፤ ለእኔ የድንጋይ ኳኳታ ነው፣ አያሳፍርም። ክፋቱ፣ ግርማ እንደሚለው ሹሙ በአስተርጓሚ በአማርኛ ነው የሚጠይቀኝ፤ መልሱንም በገዛ ቋንቋዬ ልለው ነው።

ትናንት ለደብሪቱ ደወልኩ። ኔትዎርክ ፍለጋ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ወጥታ ነበር፤ ነፋሱ ይሰማኛል። ሁሉንም ነገርኳት። ማንን ጠራህ አለችኝ። አስረስን አልኩ።

«ደግ አደረግህ ልል ነበር» አለች፤ «ግን እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«በስልክ እኔን ያገናኙኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ። ስፈትልለት ስንት ዘመኔ፣ እጁን የማውቅ እኔ ነኝ።»

«የሚስት ቃል አይቀበሉም አንቺ።»

«እንግዲያ ለእኔ በለው» አለች። «ሰኞ ለነሱ የምትለውን፣ መጀመሪያ ለእኔ በለው። ለእኔ ካልከው ለማንም ትለዋለህ።»

በሩን ዘጋሁ። ማን ይሰማኛል፣ ግን ዘጋሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እኔ» አልኩ።

«እሺ» አለች።

«እኔ…»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይነፍሳል። ደብሪቱ አልቸኮለችም፤ ጉብታው ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እኔም ስልኩን ይዤ ቆምኩ።